ቶሌዶ ለአንድ ሌሊት፦ መኪናው ከታች፣ እናንተ ከላይ

ከማድሪድ ተነስታችሁ ወደ ኮርዶባና ግራናዳ በመኪና ለመውረድ ያሰባችሁ ጥንዶች ከሆናችሁ ቶሌዶ መንገዳችሁ ላይ ናት። ከማድሪድ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የአንድ ሰዓት መንገድ። ታሆ የሚባለው ወንዝ በሦስት ጎን የከበባት፣ ኮረብታ ላይ የተቆለለች የድንጋይ ከተማ ናት። የስፔኑ ንጉሥ ዳግማዊ ፊሊፕ በ1561 መናገሻውን ከዚህች ከተማ ወደ ማድሪድ አዞረ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ወራት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፤ ዩኔስኮ ደግሞ በ1986 መዘገባት። መንገዶቿ ለበቅሎና ለእግረኛ የተቀየሱ ናቸው፤ ዛሬም እንደዚያው ናቸው።

አብዛኛው መንገደኛ ለሦስት ሰዓት ጎራ ይልና አንዱን ሰዓት መኪና ማቆሚያ ፍለጋ፣ አንዱን በመኮራረፍ አጥፍቶ ይወጣል። የኛ ምክር አጭር ነው። መኪናውን ኮረብታው ግርጌ ተዉት፣ የምታዩትን ቀንሱ፣ አንድ ሌሊት እደሩ።

አዲስ አበባ ላይ የሚያልቅ ሥራ

የሼንገን ቪዛ ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ማስገባት ይቻላል፤ የመጨረሻው ቀን 15 ቀን ሲቀር ነው። 15 ቀን ሲቀር ማስገባት ግን ቁማር ነው፤ ቀጠሮ ማግኘቱ ራሱ ጊዜ ይበላል። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፤ ቪዛው ቢከለከል አይመለስም። ፓስፖርቱ ከአውሮፓ ከምትወጡበት ቀን በኋላ ቢያንስ 3 ወር የሚያገለግል፣ ሁለት ባዶ ገጽ ያለው ይሁን። የጉዞ ኢንሹራንሱ ከ30,000 ዩሮ ያላነሰ መሸፈን አለበት። ፎቶው 35 በ45 ሚሊ ሜትር ነው፤ ፒያሳም ሆነ አራት ኪሎ ፎቶ ቤት ስትገቡ «ጉርድ ፎቶ» ብላችሁ አትለፉ፣ ልኩን ተናገሩ።

ባልና ሚስት ብትሆኑም ማመልከቻው ለየብቻ ነው። አንዳችሁ የሌላውን ወጪ የምትችሉ ከሆነ የጋብቻ ምስክር ወረቀቱን አስተርጉማችሁ፣ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አረጋግጦላችሁ፣ ከሁለቱም ፋይል ጋር አያይዙት። ስማችሁ በላቲን ፊደል ሲጻፍ በአንዱ ወረቀት አንድ ኤስ፣ በሌላው ሁለት ኤስ እንዳይሆን ተጠንቀቁ። ሆቴሉም፣ የአውሮፕላን ትኬቱም፣ የመኪናው ውልም ፓስፖርቱ ላይ ያለውን አጻጻፍ ይከተል።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው መኪና ኪራይ ላይ ነው፤ ችግሩም መንዳት ሳይሆን ካርድ ነው። አከራዩ ለዋስትና የሚሆን ገንዘብ በሹፌሩ ስም በወጣ ክሬዲት ካርድ ላይ ያግዳል። ሰንጋ ተራ ካሉት ባንኮች የምታወጡት የውጭ ምንዛሪ ቅድመ ክፍያ ካርድ ለሆቴልና ለምግብ ይሆናል፤ ለዋስትና ግን ብዙ አከራዮች አይቀበሉትም። ያኔ ኪራዩ ተከፍሎ ቁልፉ ይከለከላል፤ ወይም ማድሪድ ባራሃስ አውሮፕላን ማረፊያ የአከራዩ መስኮት ፊት ቆማችሁ፣ ሻንጣ እንደያዛችሁ፣ ውድ ኢንሹራንስ ትገዛላችሁ። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት በኢሜይል ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድን ከዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ ጋር ትቀበላላችሁ? የስፓኒሽ ትርጉም ትፈልጋላችሁ? ለዋስትና ምን ዓይነት ካርድ ያስፈልጋል? መልሱን አትማችሁ ያዙ። በስልክ «ችግር የለም» የተባለ ነገር መስኮቱ ፊት ዋጋ የለውም። አውቶማቲክ ቪትዝ ብቻ የለመደ ሹፌር ደግሞ «አውቶማቲኮ» ብሎ ለይቶ ይዘዝ፤ ዝም ካላችሁ በአብዛኛው የሚሰጣችሁ ባለ ማርሽ ነው።

መልሱ «አንቀበልም» ከሆነ ጉዞው አልተበላሸም። ከማድሪድ አቶቻ ጣቢያ ቶሌዶ በፈጣን ባቡር ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው፤ ከታች ያለው የእግር ዙር እንዳለ ይሠራል።

አንድ ሙከራም እዚሁ አድርጉ። ልትለብሱት ያሰባችሁትን ጫማ አጥልቃችሁ ከለገሃር በቸርችል ጎዳና እስከ ማዘጋጃ ቤት በእግር ውጡ፣ ሳታርፉም ተመለሱ። ቁልቁለቱ ላይ ጣታችሁ ከጫማው ጫፍ ጋር ከተጋጨ ያ ጫማ ለቶሌዶ አይሆንም። ቶሌዶ ከፍታዋ 529 ሜትር ብቻ ስለሆነ ለአዲስ አበባ ሳንባ ዳገቱ ምንም አይደል። የሚያስቸግረው ክብ ድንጋይ የተነጠፈበት መንገድና ሙቀቱ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ቀን ላይ 40 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል፤ ምርጫው በእጃችሁ ከሆነ ሚያዝያን፣ ግንቦትን ወይም ጥቅምትን ምረጡ።

መንገዱ

ሌሊቱን በአውሮፕላን አድራችሁ ወዲያው መሪ አትያዙ። ማድሪድ አንድ ቀን እረፉና ጠዋት ተነሱ።

የምትይዙት ኤ-42 ነው፤ አይከፈልበትም። የስልካችሁ ካርታ አንዳንዴ ኤፒ-41ን ያሳያችኋል፤ እሱ የክፍያ መንገድ ነው፣ «ፔያሄ» የሚል ምልክት ስታዩ አስቡበት። በኤ-42 ትልቁ ፍጥነት 120 ነው። ከተማ ውስጥ በየአቅጣጫው አንድ መስመር ብቻ ያለው ጎዳና 30 ነው፤ የእግረኛውና የመኪናው ወለል እኩል የሆነበት መንገድ ደግሞ 20። ቶሌዶ ውስጥ የምታገኙት በአብዛኛው ይህን የመጨረሻውን ነው።

በቀኝ መንዳቱ እንደኛው ነው፤ የሚለየው አደባባዩ ነው። ቅድሚያው ውስጥ ላለው መኪና ነው፣ ይህም ይከበራል። አፍንጫ አስገብቶ መንገድ ማስለቀቅ እዚያ አይሠራም። የሚወጣ መኪና የግድ ከውጪኛው መስመር ይወጣል፤ ውስጠኛው ላይ ሳላችሁ መውጫው ካለፋችሁ አንድ ዙር ጨምሩ፣ አታቋርጡ። አንዳችሁ ሹፌር፣ አንዳችሁ ረዳት ሁኑ። ረዳቱ ካርታውን ይዞ መታጠፊያው ሳይደርስ ይናገር፤ ሹፌሩ ስልክ አይንካ።

ከአከራዩ ግቢ ከመውጣታችሁ በፊት መኪናው ውስጥ ቪ-16 የሚባለው ብልጭ ድርግም የሚል መብራት መኖሩን እዩ። ከጥር 1 ቀን 2026 ጀምሮ በስፔን ሰሌዳ ባላቸው መኪኖች ላይ በሦስት ማዕዘኑ ምልክት ፋንታ ግዴታ የሆነው እሱ ነው፤ መኪናው ሲበላሽ ጣሪያው ላይ ይቀመጣል።

(የጎርጎራው ሚሲዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ የተወለደባት መንደር፣ የዛሬዋ ኦልሜዳ ዴ ላስ ፉኤንቴስ፣ ከማድሪድ በስተ ምሥራቅ ናት። ከዚህ መንገድ ጋር ስለማትገናኝ ሌላ ቀን ከሌላችሁ አትጠምዘዙ።)

መኪናውን የት?

ካርታው «ሆቴላችሁ ደጃፍ ድረስ» ሊያደርሳችሁ ይሞክራል። አትስሙት። ላይኛው ከተማ ውስጥ ለነዋሪ ብቻ የተፈቀዱ መንገዶች አሉ፤ አንዳንዱ በካሜራ፣ አንዳንዱ ከመሬት ብቅ በሚል የብረት ምሰሶ ይጠበቃል። መንገዱ እየጠበበ ሄዶ የጎን መስታወት ግድግዳ የሚነካበት ቦታ ላይ ስትደርሱ መመለሻ የለም፤ ከኋላችሁ ታክሲ፣ ከፊታችሁ የዕቃ መኪና ይቆማል። ቅጣቱ በአከራዩ በኩል ዞሮ፣ የአስተዳደር ክፍያ ተጨምሮበት፣ አዲስ አበባ ከተመለሳችሁ በኋላ ሊመጣ ይችላል።

ሁለት መፍትሔ አለ። የመጀመሪያው ከወንዙ አጠገብ ያለው ሳፎንት የሚባለው ሰፊ ማቆሚያ ነው፤ ነጻ ነው፣ ከዚያው አጠገብ ወደ ላይኛው ከተማ የሚወስድ ተንቀሳቃሽ ደረጃ አለ። ሁለተኛው በቢሳግራ በር በኩል ሬካሬዶ ጎዳና ነው፤ እዚያ በ2000 የተሠራው፣ ኮረብታውን ሰንጥቆ በስድስት እርከን የሚወጣው ተንቀሳቃሽ ደረጃ ይጀምራል። ሁለቱም ሌሊት ስለሚቆሙ ሰዓታቸውን መግቢያው ላይ አንብቡ፤ አለዚያ እራት በልታችሁ ስትመለሱ በእግራችሁ ነው።

የመስመሩን ቀለም እዩ። ነጭ በአብዛኛው ነጻ ነው። ሰማያዊ ይከፈልበታል፤ ከማሽኑ ወረቀት ቆርጣችሁ ከፊት መስታወቱ ስር ታስቀምጣላችሁ። ቢጫ ክልክል ነው። ከነዚህ ውጭ ያለ ቀለም ካያችሁ የነዋሪ ነው ብላችሁ እለፉ።

ሻንጣ ነገር ከመድረሳችሁ በፊት ይለቅ። ለአንድ ሌሊት የሚሆነውን በአንድ የጀርባ ቦርሳ ለዩ፤ ይህን የምታደርጉት ማድሪድ ላይ እንጂ ማቆሚያው ላይ የመኪናውን የኋላ ዕቃ መጫኛ ከፍታችሁ ሰው እያየ አይደለም። ወንበር ላይ ጃኬት እንኳ አይቅር። ባለ ጎማ ሻንጣ ደግሞ በዚያ ድንጋይ ላይ ጎማውን ይነቅላል።

የእግር ዙሩ

መጀመሪያ ስለ ሰዓት። ትኬትና በር ላይ የሚጻፈው በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው፤ 6 ቀንሱለት። 10:00 ለኛ 4 ሰዓት፣ 14:00 ደግሞ 8 ሰዓት ነው። ከዚህ በታች የተጻፈው በኛው አቆጣጠር ነው።

ቀኑንም ምረጡ። የትራንሲቶ ምኩራብ ሙዚየምና የኤል ግሬኮ ሙዚየም ሰኞ ዝግ ናቸው፤ እሑድም ከሰዓት በኋላ አይሠሩም። ቅዳሜ ከ8 ሰዓት በኋላና እሑድ ጠዋት ግን በነጻ ያስገባሉ። ካቴድራሉ እሑድ ጠዋት ለቅዳሴ እንጂ ለጎብኚ አይደለም። ከማክሰኞ እስከ ዓርብ ከመጣችሁ ሁሉም ይገጥምላችኋል።

ለሰባት ቦታዎች የሚያገለግል የእጅ አምባር ትኬት አለ። ካቴድራሉና ትራንሲቶ ግን በውስጡ የሉም። ሦስትና ከዚያ በታች ለማየት ካሰባችሁ ነጠላ ትኬት ይበቃችኋል። አምባሩ ከእጅ ከወለቀ አያገለግልም፤ ለሁለት በአንድ መግባት አይታሰብ።

ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ሳንቶ ቶሜ ቤተ ክርስቲያን በር ቁሙ። ከማድሪድ የሚመጡት አውቶቡሶች አርፍደው ሰው ሲያራግፉ ያቺ ጠባብ ክፍል ትሞላለች። የሚታየው አንድ ሥዕል ነው፦ ኤል ግሬኮ ከ1586 እስከ 1588 የሣለው «የኦርጋስ ጌታ ቀብር»፣ ቁመቱ 4.8፣ ስፋቱ 3.6 ሜትር። ፎቶ ማንሳት ክልክል ስለሆነ ዓይናችሁን ተጠቀሙ። ሠዓሊው የቀርጤስ ሰው ነው፤ ሥራውን የጀመረው በምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ቅዱሳት ሥዕላትን በመሣል ነበር። ለዚህም ነው ላይኛው ክፍል ለኛ ዓይን እንግዳ የማይሆነው። ክርስቶስ ከላይ፣ እመቤታችን በአንድ ወገን፣ መጥምቁ ዮሐንስ በሌላው። መሐል ላይ አንድ መልአክ የሟቹን ነፍስ በሕፃን አምሳል አቅፎ በጠባብ የደመና መንገድ ሲያሳልፋት ፈልጉ። ከዚያ ወደ ግራ ግርጌ ውረዱ። ችቦ የያዘው ልጅ የሠዓሊው ልጅ ሆርሄ ማኑኤል ነው፤ ከኪሱ ብቅ ባለው መሐረብ ላይ ልጁ የተወለደበት ዓመት፣ 1578፣ ተጽፏል። ሩብ ሰዓት ስጡት፣ ቡድን ሲገባ ውጡ።

ከዚያ ወደ ምዕራብ አንድ መስመር ነው፤ ካርታ አያስፈልግም። ትራንሲቶ ምኩራብ፣ የንጉሡ የጨካኙ ፔድሮ ግምጃ ቤት ኃላፊ የነበረው ሳሙኤል ሃሌቪ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ያሠራው፤ ጣሪያውንና በግድግዳው ዙሪያ የሄደውን የዕብራይስጥ ጽሑፍ እዩ። ቀጥሎ ሳንታ ማሪያ ላ ብላንካ፣ በፈረስ ኮቴ ቅርጽ የተሠሩ ነጫጭ ቅስቶች ያሉት ሌላ ምኩራብ፤ ኋላ ቤተ ክርስቲያን ሆኗል። መጨረሻው ሳን ሁዋን ዴ ሎስ ሬዬስ ገዳም ነው። ከውጭ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሰንሰለት ከግራናዳ ሙሮች (የዚያን ዘመን የስፔን ሙስሊሞች) እጅ ነጻ የወጡ ምርኮኞች እግር ላይ የነበረ ነው ይባላል። ጊዜ ካጠረ ከሁለቱ ምኩራቦች አንዱን ተዉ፣ ገዳሙን ግን አትተዉ።

ካቴድራሉን ከምሳ በኋላ አድርጉት። ግንባታው በ1226 ተጀምሮ በ1493 አለቀ። ትኬቱ ከበሩ ፊት ለፊት ካለው ሱቅ ይገዛል፤ በር ላይ ተሰልፎ ተመልሶ የሚሄደው ብዙ ነው። ከመቅደሱ ጀርባ «ትራንስፓሬንቴ» የሚባለውን ፈልጉ፤ ናርሲሶ ቶሜ ብርሃን እንዲገባ ብሎ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጣሪያውን ቀዶታል፣ ፀሐይ ስትገባ ማየት ነው። እዚሁ ካቴድራል ውስጥ፣ ሙሮች ሲገዙ ክርስቲያኑ ይዞት የቆየው የሞዛራብ ሥርዓተ ቅዳሴ ዛሬም በራሱ ጸሎት ቤት ይቀደሳል።

ትንሿ ቦታ ደግሞ ትልቋ ናት። ክሪስቶ ዴ ላ ሉስ በ999 የተሠራ መስጊድ ነው፤ ስምንት ሜትር ገደማ በስምንት ሜትር ነው፣ ከአንድ ሰፊ ሳሎን ብዙም አይበልጥም። አራት ዓምድ ወለሉን ዘጠኝ ቦታ ይከፍለዋል፤ ዘጠኙም ጣሪያ የየራሱ የቅስት ንድፍ አለው፣ አንዱ ከአንዱ አይመሳሰልም። ቀና ብላችሁ አንድ በአንድ ቁጠሩ።

ምግብ፣ ጾምና «ሴርዶ»

ቶሌዶ ላይ «ካርካሙሳስ» የሚባለው ወጥ ይወደሳል፤ የአሳማ ሥጋ ነው። አሳማ በስፓኒሽ «ሴርዶ» ነው። አህያ «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» ያለችውን ካስታወሳችሁ አትረሱትም። «ሲን ሴርዶ» ማለት ያለ አሳማ ማለት ነው። ግን ይህ ብቻ አይበቃም። «ሃሞን»፣ «ቾሪሶ»፣ «ፓንሴታ»፣ «ቶሲኖ» ሁሉም ከአሳማ ናቸው፤ «ማንቴካ» ደግሞ በተለምዶ የአሳማ ስብ ነው፣ ብስኩት ውስጥም ይገባል። «ሲን ካርኔ»፣ ያለ ሥጋ፣ ብላችሁ ያዘዛችሁት ምስር ላይ የሃሞን ቁራጭ ተበትኖበት ቢመጣ አትገረሙ፤ አስተናጋጁ ሥጋ የሚለው ሙዳውን ነው።

ረቡዕ፣ ዓርብ ወይም ሌላ ጾም ከሆነ ቀላሉ «ቬጋኖ» ማለት ነው። «ፒስቶ ማንቼጎ» ከቲማቲም፣ ከቃሪያና ከዝኩኒ የሚሠራ ነው፤ ላዩ ላይ እንቁላል ስለሚጥሉበት «ሲን ኡዌቮ» በሉ። ጋስፓቾም ለሙቀት ቀን ይሆናል። ጾም ካልሆነ የበግ ወተት ማንቼጎ አይብና በቀስታ የበሰለ ቆቅ፣ «ፔርዲስ»፣ የአገሩ ምግብ ነው።

ምሳ ከ7:30 እስከ 10 ሰዓት ድረስ ነው። ከዚያ ማዕድ ቤቱ ይዘጋል፤ እራት ከምሽቱ 2:30 በፊት የሚሰጣችሁ ለቱሪስት ያሰበው ቤት ነው። በሥራ ቀን «ሜኑ ዴል ዲያ» ጠይቁ፤ ሁለት ምግብ፣ ዳቦ፣ መጠጥና ጣፋጭ ወይም ቡና በአንድ ዋጋ። የቧንቧ ውሃ፣ «አግዋ ዴል ግሪፎ»፣ በሕግ በነጻ የሚቀርብ ነው። የፒያሳ ማኪያቶ ለለመደ የሚቀርበው «ኮርታዶ» ነው።

ለቤተሰብ የሚሆን ስጦታ ማርዚፓን ነው፣ እነሱ «ማሳፓን» ይሉታል። የቶሌዶ የሚል መለያ ያለው ቢያንስ ግማሹ የአልሞንድ ለውዝ (ኦቾሎኒ አይደለም) መሆን አለበት። ሻንጣ ውስጥ እንደ ቸኮሌት አይቀልጥም። ለጾመኛ ከወሰዳችሁ እንቁላል መግባቱን ጠይቁ፤ ላዩ ወርቃማ የሆነው ብዙ ጊዜ በአስኳል የተቀባ ነው።

ጥቁርና ወርቅ

በየመስኮቱ የምታዩት ጥቁር ብረት ላይ ወርቅ የተጠለፈበት ጌጥ «ዳማስኪናዶ» ይባላል። በእጅ ሲሠራ ብረቱ መጀመሪያ በጥቃቅን ጭረት ይሸካከራል፤ የወርቅ ክሩ ጭረቱ ላይ ተቀጥቅጦ ይገባል፤ ከዚያ በሚፈላ የኮስቲክ ሶዳና የፖታሽየም ናይትሬት ውሃ ውስጥ ሲነከር ብረቱ ብቻ ይጠቁራል፣ ወርቁ እንዳለ ይቀራል። በመጨረሻ ወርቁ ላይ ዝርዝሩ ይቀረጻል። ብርሃን ላይ ዘንበል አድርጋችሁ ተመልከቱ። የእጅ ሥራ ከሆነ መስመሩ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ሁለት ቅጠል ፍጹም አንድ አይሆንም። እንደ ወረቀት የለሰለሰና ሁሉም አንድ ዓይነት ከሆነ የማሽን ነው። ሻጩን «ኤቾ አ ማኖ?» (የእጅ ሥራ ነው?) በሉት፤ እውነተኛው ሻጭ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ያሳያችኋል። የአንገት ሐብል ግዙ፣ ጎራዴውን ተዉት፤ በእጅ ሻንጣ አይገባም።

ማታና መውጫ

ከ12 ሰዓት በኋላ አውቶቡሶቹ ይወጣሉ፤ ለማደር የመከርነውም ለዚህ ሰዓት ነው። መንገዱ ላይ የሚሰማው የራሳችሁ ኮቴ ብቻ ይሆናል። ሳን ማርቲን ድልድይ ድረስ በእግር ውረዱ፤ መመለሻው ዳገት መሆኑን አስባችሁ።

ከተማዋን በሙሉ የሚያሳየው ሚራዶር ዴል ቫዬ ከወንዙ ማዶ ነው፤ እዚያ ነው መኪናው የሚጠቅመው። በማግስቱ ጠዋት ስትወጡ፣ ወይም በዋዜማው ጀምበር ሳትጠልቅ፣ በአልካንታራ በኩል ባለው አዲሱ ድልድይ ተሻግራችሁ የወንዙን ጥምዝ ተከተሉ። አሮጌው የእግረኛ ነው። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ለፎቶ መሐል ላይ አትቁሙ፣ ማቆሚያው እስኪመጣ ታገሡ።

ወደ ደቡብ ስትቀጥሉ ሲኤም-42ን ያዙ። ኮንሱዌግራ ላይ አሥራ ሁለቱን የነፋስ ወፍጮዎች ታያላችሁ፤ ማድሪዴሆስ ላይ ወደ አንዳሉሲያ የሚወርደውን ኤ-4 ታገኛላችሁ። ከዚያ በፊት ነዳጅ ስትቀዱ ስሙን ልብ በሉ፦ «ጋሶሊና» ቤንዚን ነው፣ «ጋሶሌዮ» ደግሞ ናፍጣ። ስሙ ስለሚቀራረብ ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ የተሳሳተ ነዳጅ ያበላሸውን ሞተር ደግሞ የኪራይ ኢንሹራንስ በአብዛኛው አይሸፍንም። የማጠራቀሚያውን ክዳን ስትከፍቱ ውስጡ ያለውን ምልክት እዩ፤ ክብ ውስጥ ኢ5 ከሆነ ቤንዚን፣ አራት ማዕዘን ውስጥ ቢ7 ከሆነ ናፍጣ ነው። ከተሳሳታችሁ ቁልፉን ጨርሶ አታዙሩ፤ ሞተሩ ሳይነሳ ከሆነ የተሳሳተውን ነዳጅ ከታንኩ ማስወጣት ይበቃል።